ወደ ዳባት ነው ወይስ ወደ አዘዞ?

(ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አዳራሽ፣ በአርባው መታሰቢያ ላይ የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድም እህቶቼ፣ እንደምን አላችሁ?

ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ ማይክ አቀብዬ ነው እንጂ ይዤ አላውቅም። የእኔ ሥራ ኬብል መጎተት ነበር። ዛሬ ተናገር ስትሉኝ «ኬብሉንስ ማን ሊይዝ ነው?» ነው ያልኩት።

ስሙን አልጠራም። ቤተሰቡም እንዲህ ይሁን ብለዋል። ደግሞ እሱ ራሱ አየር ላይ ስሙን ጠርቶ አያውቅም። ሌላው ጋዜጠኛ «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ ይጀምራል። እሱ «ኳሷ መሃል ሜዳ ላይ ተቀምጣለች» ብሎ ይጀምርና ጨዋታው ሲያልቅ «ኳሷን ወሰዷት፣ ደኅና እደሩ» ብሎ ይዘጋል። በቃ። ለሁላችንም ጋሼ ነው። አንቱ እንዳልለውም ከልክሎኝ ነበር። «አንቱ ስትለኝ ኬብሉ የረዘመ ይመስለኛል» ይል ነበር። ስለዚህ ዛሬም አንተ እያልኩ ነው የማወራለት። ትልልቆቹ እንዳትቀየሙኝ።

ኳስ አስተላላፊ የሆነበትን ቀን ራሱ ነው የነገረኝ። 1980 ዓ.ም ነው። የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። ኢትዮጵያ ለፍጻሜ ከዚምባብዌ ጋር ደርሳለች። ሰፈሩ ውስጥ ደኅና ሬዲዮ ያለው አንድ ቤት ነው። ግቢው ሙሉ ሰው ነው። አስተላላፊው ደምሴ ዳምጤ ነው፤ ያን ድምፅ በዚያ ዘመን የነበረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጨዋታው ሳይለይለት ፍጹም ቅጣት ምት ላይ ይደርሳል። ልክ በዚህ ሰዓት የባትሪ ድንጋዩ ይደክማል። ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አስጥተውት ነበር፤ አልሆነም። ድምፁ እንደ ትንኝ ሆነ።

ጋሼ ያኔ ወጣት ነው። ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ለጠፈና ደምሴ የሚለውን እየተቀበለ ለግቢው ሰው ጮክ ብሎ መናገር ጀመረ። «መጣ... ቆመ... መታ... ገባ!» ግቢው ያብዳል። እንደገና ዝም። እንደገና ጆሮ። ኢትዮጵያ ዋንጫውን ወሰደች። ሰው ሁሉ ተሸክሞ ያዞረው እሱን ነው፤ ኳሱን የመታው እሱ ይመስል። «ያን ቀን ገባኝ» ይል ነበር፤ «ሰው በሌላ ሰው ጆሮ መስማት ይችላል። እንዲያ ከሆነ በሌላ ሰው ዓይንም ያያል።»

እንጀራው ግን መምህርነት ነበር። ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። ቅዳሜና እሑድ ሜዳ ይወርዳል። መጀመሪያ በሞንታርቦ ነው የጀመረው፤ ኋላ ኤፍኤም ሲመጣ በሬዲዮ። ክፍያው በጨዋታ ነበር፤ ስንት እንደነበር ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፣ ስለዚህ አልናገርም። ጡረታ የሚባል ነገርም ከዚያ በኩል አላገኘም። የማን ጥፋት እንደነበር ዛሬ አላነሳም። እሱ ራሱ አንስቶት አያውቅም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልምጣ። እዚህ ያለ ወጣት ምናልባት ያልሰማው ይኖራል። ጋሼ ሬዲዮ ላይ ግራና ቀኝ ብሎ አያውቅም።

«ግራ ሬዲዮ ላይ የለም» ነበር የሚለው። «የማን ግራ? የእኔ? የተጫዋቹ? ቤቱ ቁጭ ብሎ ሽሮ የሚበላው ሰውዬ ግራ?» የጂኦግራፊ መምህር አይደል? ሜዳውን እንደ ካርታ ዘረጋው። በሰሜን በኩል ያለውን ጎል የዳባት ጎል አለው። በደቡብ ያለውን የአዘዞ ጎል። ከዚያ በኋላ አለቀ። «ፋሲል በመጀመሪያው አጋማሽ ወደ ዳባት ያጠቃል» ሲል ቤቱ ያለ ሰው ሜዳው ፊቱ ላይ ይዘረጋለታል። የጎንደር ሰው ግራውን ይስት ይሆናል እንጂ አዘዞ በየት በኩል እንደሆነ አይስትም።

ታዲያ በዚያው ቀልዱ መጣ። ኳስ ከአግዳሚው በላይ ወደ አዘዞ ከወጣች «አየር ማረፊያ ደርሳለች፤ ትኬት ይቆረጥላት» ይላል። ወደ ዳባት ከወጣች «ዳባትን አልፋ ደባርቅ ገባች» ይላል። በጣም ከበዛች ደግሞ «ራስ ዳሽን ላይ ናት፤ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ ማን ሄዶ ያምጣት?» ይላል። ተማሪዎቹ የራስ ዳሽንን ከፍታ ከክፍል ይልቅ ከኳስ ሜዳ ነው ያጠኑት የሚባለው እውነት ነው። እኔ አንዱ ነኝ።

ነገሩ ቀልድ ብቻ ግን አልነበረም። አንድ ሰው ያስብ ነበር።

መሪጌታን ታውቋቸዋላችሁ። ዛሬም መጥተዋል፤ እዚያ ከፊት ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አያይም። ቤታቸው ለሜዳው ቅርብ ነበርና ድሮ የሞንታርቦው ድምፅ እስከ ግቢያቸው ይደርስ ነበር። መጀመሪያ እንደ ረብሻ ነው የቆጠሩት። «ዳዊት መድገም ከለከለን ይሄ ሰውዬ» ብለው ተቆጥተው ነበር አሉ። ከዚያ ቀስ በቀስ ጆሯቸውን ሰጡት። ከዚያ ቅዳሜ ሲመጣ ወንበራቸውን ደጅ ማስወጣት ጀመሩ። አንድ ቀን ጋሼ በደጃቸው ሲያልፍ በእግሩ ኮቴ ለዩትና ጠሩት።

«አንተ ነህ ባለ ሞንታርቦው?»

«እኔ ነኝ አባቴ።»

«በግዕዝ ዜማ ትጀምራለህ፤ ጥሩ ነው። ስንሸነፍ አራራይ ታደርገዋለህ፤ እሱም ይሁን። ዕዝሉን ግን አታውቅበትም። ደግሞ ግራ ቀኝ ትላለህ። እኔ የት ሆኜ ነው ግራዬ?»

ዳባትና አዘዞ የመጡት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ጋሼ ሲመሰገን ዝም ይላል፤ ሐሳቡ የመሪጌታ መሆኑን የነገረኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ እውነት ላውራ። ስለ እውነት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ስለ አንዲት ኳስ ነው።

አንድ ጨዋታ ነበር። ተጋጣሚው ከየት እንደነበር ይቅር። እኩል ለእኩል ነን፤ ሰዓቱ እያለቀ ነው። የእኛ ልጅ ኳሷን አገባት። ስታዲየሙ ተነሳ። ትዝ ይላችኋል፣ ያን ጊዜ ብዙ ደጋፊ ሜዳ ገብቶም ትንሽ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ይለጥፍ ነበር። በዓይኑ አይቶ በጋሼ ካልሰማ ያየ አይመስለውም። ዳኛው ወደ መሃል አመለከተ። ጋሼ ማይኩን ጠጋ አለና እንዲህ አለ፦ «ዳኛው ጎል ነው ብሏል። ጎል ነው። እኔ ግን እጅ አይቻለሁ።»

ወይ ጉድ! እኔ ኬብሉን ይዤ ሥሩ ነኝ። ከላይ የብርቱካን ልጣጭ ይዘንብብን ጀመር። ስድቡን አልደግመውም፤ መሪጌታ አሉ። ጨዋታው አልቆ ስንወጣ በኋላ በር ነው የወጣነው። በማግሥቱ ፒያሳ ሻይ ሊጠጣ ሲገባ አንድ ሰው ሰላም አላለውም። እሱ እቴ! ሻዩን አዘዘ፣ ጠጣ፣ ከፈለ።

ተናድጄ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ዳኛው አጽድቆት የለም ወይ? አንተን ማን ጠየቀህ?»

«እናንተ ሜዳ ነበራችሁ፤ አይታችኋል፤ ዝም ማለት ትችላላችሁ» አለኝ። «መሪጌታ ግን ቤታቸው ሆነው በእኔ ዓይን ነው ያሉት። በገዛ ዓይናቸው ልዋሻቸው?»

ምን ትላለህ ታዲያ? ዝም ነው እንጂ።

ሌላም አለ። ክረምት ነው። የጎንደርን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ሲመጣ ያለ ርኅራኄ ነው። የዳባት ጎል ፊት ተጫዋቹ ሁሉ ተከማችቷል፤ ጭቃው ማሊያውን አንድ ቀለም አድርጎታል። ድንገት ጩኸት ሆነ። ጎል ገብቷል። ሌላ አስተላላፊ ቢሆን አንዱን አጥቂ መርጦ ስሙን ይጮኻል፤ ማን ያውቅበታል? ጋሼ ግን «ጎል ነው። ማን እንዳገባ አላየሁም» አለና ዝም አለ። ሬዲዮ ላይ ዝምታ ምን ያህል እንደሚረዝም የሠራበት ያውቃል። ከስቱዲዮ በስልክ እየጮኹብኝ ነው። እሱ እኔን ወደ ሜዳ ላከኝ። በጭቃው ሮጬ፣ ኳስ አቀባዩን ልጅ ጠይቄ፣ ተመልሼ ነገርኩት። ያኔ ስሙን ጠራ። አጥቂው አልነበረም። ተከላካዩ ነበር። ከዚያ በፊት ጎል አግብቶ የማያውቅ ልጅ! ጋሼ አላየሁም ባይል ኖሮ የዚያ ልጅ ጎል ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ይቀር ነበር።

«አላየሁም» የሚለውን ቃል የኔ ዘመን ጋዜጠኛ አያውቀውም። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ትንሽ ልማ። የዛሬው ልጅ ሁሉን አይቷል። የአውሮፓ ተጫዋች ቁርሱን ምን እንደበላ ያውቃል፤ የሰፈሩ ታዳጊ ቡድን ግብ ጠባቂ ማን እንደሆነ ግን ብትጠይቀው አያውቅም። ግማሹ ፕሮግራም ውርርድ ነው። ጋሼንም ልጆች በየመንገዱ እያስቆሙ «ጋሼ፣ ዛሬ ስንት ለስንት ይወጣል?» ይሉት ነበር። «ዘጠናው ደቂቃ ሲያልቅ ና፣ እነግርሃለሁ» ነበር መልሱ። በል፣ ሐሜቱ ይብቃኝ።

ስሜት አልነበረውም ማለቴ ግን አይደለም። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም ብሔራዊ ቡድኑ አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፎ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ እኛ እዚህ ነበርን። በማግሥቱ ፕሮግራሙን ሊጀምር ማይኩ ተከፈተ። አልተናገረም። ጉሮሮውን ጠረገ። አሁንም የለም። መጨረሻ ላይ «ሄድን» አለ። አንዲት ቃል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ሙዚቃ ልቀቅ በሚል ምልክት እጁን አወዛወዘ። እንባውን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ፋሲል ከነማ የኢትዮጵያን ዋንጫ ወስዶ በ2011 መጨረሻ ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲወጣ ደግሞ ጉድ ሆነ። የሜዳችን ጨዋታ ባሕር ዳር ላይ ነው። ተጋጣሚው የታንዛኒያው አዛም ነው። በሚኒባስ ወረድን። ጋሼ ስታዲየሙ ውስጥ ገባና ቆመ። ተጨነቀ። «እዚህ ዳባት የለም» አለኝ። ጥበቃውን ጠርቶ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣ ጠየቀው። ጥበቃው ሰውዬው ያበደ መሰለው። ስርጭቱ ሲጀመር እንዲህ አለ፦ «ዛሬ እንግዶች ነን። በሰሜን ያለው የጣና ጎል ነው። በደቡብ ያለው የጢስ ዓባይ ነው። መሪጌታ፣ ይስማሙኛል?» 1 ለ 0 አሸነፍን። በመልሱ 3 ለ 1 ተሸንፈን ወጣን፤ እሱን እዚያው እንተወው።

ከዚያ 2013 መጣ። የጎንደር ልጅ ይህን ዓመት አይረሳውም።

ፋሲል ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። አሠልጣኙ ሥዩም ከበደ፣ አምበሉ ያሬድ ባየህ። ዐፄዎቹ ነገሡ። ግን እዩት እስቲ። በኮሮና ምክንያት ሊጉ በዙር በአምስት ከተማ ነው የተካሄደው፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ጎንደር የለችበትም። በዚያው ዓመት ነው ሊጉ ለመጀመሪያ ጊዜ በዲኤስቲቪ በቀጥታ መታየት የጀመረው። ሌላው ሰው ደስ አለው። እኔም ደስ ብሎኛል፣ ለምን እዋሻለሁ። ጥርት ያለ ምስል፣ ድጋሚ እይታ፣ ሁሉ ነገር። ጋሼ ግን ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ዋንጫ ሲመጣ ሜዳው ባዶውን ቆሟል። ማይኩ ካርቶን ውስጥ ነው። ጉሮሮውም ያኔ ታሟል፤ ሐኪም ድምፅህን ከፍ እንዳታደርግ ብሎታል።

ምን አደረገ መሰላችሁ? ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት አለች፤ ቴሌቪዥን ያላት። መሪጌታን እጃቸውን ይዞ እዚያ ይወስዳቸዋል። ጥግ ይቀመጣሉ። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ጋሼ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ይልና «ዛሬ ዳባት በበሩ በኩል ነው፤ አዘዞ በኩሽናው በኩል» ይላል። ከዚያ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ በሹክሹክታ። ቴሌቪዥኑ የራሱን ይጮኻል፣ ደጋፊው የራሱን ይጮኻል፣ ጥጉ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ተጠጋግተው እንደሚናዘዝ ሰው ያንሾካሽካሉ። ከዕረፍት በኋላ ጎል ሲቀያየሩ መሪጌታ ወንበራቸውን ያዞሩ ነበር። በሬዲዮ ያስተላለፈውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ከጎኑ ነበርኩና። የዚያን ዓመት ስርጭቱን ግን የሰሙት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ሥራው ሁሉ ከዚያ አይበልጥም፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ።

ቡድኑ ዋንጫውን ይዞ ጎንደር ሲገባ ከተማው መቆሚያ አልነበረውም። እኛ ፎቅ ላይ ነን፤ ጋሼ ግፊያ አይችልም። መሪጌታ «ምን ይታያል?» አሉት። ቆየ። ቁልቁል አየ።

«ቀይና ነጭ» አላቸው። «ሌላ አላየሁም።»

በዓመቱ መባቻ ለቻምፒዮንስ ሊግ ባሕር ዳር ላይ ከሱዳኑ አል ሂላል 2 ለ 2 ስንወጣ፣ ኦምዱርማን ላይም 1 ለ 1 ተለያይተን ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ጎል ስንወድቅ፣ ሹክሹክታውም እየደከመ ነበር። የመጨረሻዎቹን ዓመታት አላወራም። እናንተም አይታችኋል። ሆስፒታል ስንመላለስ እንኳ አልጋውን በየት በኩል እንደሚያዞሩለት ነርሶቹን ያዝዝ ነበር፦ እግሩ ወደ አዘዞ፣ ራሱ ወደ ዳባት።

አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁና ልውረድ። ባለፈው ሳምንት መሪጌታን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሬዲዮው ተከፍቷል። ኳስ ነው። አስተላላፊው በጣም ይጮኻል፤ ትልቅ ነገር የሆነ ይመስላል። መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወደ ዳባት ነው ወይስ ወደ አዘዞ?» አሉኝ።

አፌ ላይ «ወደ ዳባት» ሊመጣ ነበር። ምን ቸገረኝ፣ ማን ያጣራል? ግን ደግሞ...

«አላየሁም መሪጌታ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሬዲዮውን ዘጉትና «ጎሽ» አሉኝ፤ «በል ሻይ አፍላ።»